በላያችን የሚዞር ክንፍ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ስለሚበሩ ሰዎች

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የበረዶው ወራት ሲገባ፥ ለእንጀራቸው ሳይሆን ለደስታቸው ሲሉ የሚበሩ ሰዎች መኪናቸውን ወደ መጋዘን አስገብተው የበረራ መዝገባቸውን ይገልጣሉ፤ የዓመቱንም ሒሳብ ይደምራሉ። የእኛ ዓመት በጳጉሜን ይፈጸማል፥ የእነርሱ ደግሞ በታኅሣሥ፤ ወሩ ይለይ እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ የማሰቡ ሥራ አንድ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፥ የተነሡበትና ያረፉበት ስፍራ፥ በአየር ላይ የቆዩበትም ሰዓት ይጻፋል። ነጋዴ መዝገቡን ቢያሳምር ጉዳቱ የገንዘብ ነው። አብራሪ ግን ያልበረረውን ሰዓት በረርሁ ብሎ ቢጽፍ የሚያታልለው ራሱን ነው፤ ያልተለማመደች እጅ በጭንቅ ሰዓት ትከዳዋለችና።

ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ከእነዚህ መካከል በጃይሮፕላንና በሄሊኮፕተር ስለሚበሩት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሁለቱን መኪናዎች ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ነገር ግን ልዩነታቸው ታላቅ ነው። በሄሊኮፕተር ከላይ ያለውን ክንፍ የሚያሽከረክረው ሞተሩ ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይነሣል፥ በአየርም ላይ ይቆማል። በጃይሮፕላን ግን ሞተሩ የሚያዞረው ወደ ፊት የሚያስኬደውን ማራገቢያ ብቻ ነው። የላይኛውን ክንፍ በበረራ ላይ የሚያሽከረክረው ነፋስ ነው። ልጆቻችን ወረቀት አጥፈው በእንጨት ጫፍ ላይ ይሰኩና እየሮጡ ያሽከረክሩት የለምን? የጃይሮፕላን ነገር ይኸው ነው፤ ወደ ፊት በሄደ ወይም ወደ ታች በወረደ ጊዜ ነፋሱ ክንፉን ያዞረዋል። እንደ ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ቆሞ መቆየት አይችልም። ሞተሩ ቢጠፋ ግን ክንፉ መዞሩን አይተውም፤ አብራሪው ቀስ እያለ ወርዶ በአነስተኛ ሜዳ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል።

ይህን ያሰበው የእስፓኝ ተወላጅ መሐንዲስ ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ ነው። በ1919 የሠራው ባለ ሦስት ሞተር ትልቅ አይሮፕላን ፍጥነቱ አንሶ ስለ ወደቀ፥ በዝግታ ቢሄድም የማይወድቅ መኪና ለመሥራት ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ወደ ጎን እየተገለበጡ አስቸገሩት፤ ከሚዞሩት ክንፎች ወደ ፊት የሚሄደው ወደ ኋላ ከሚመለሰው ይልቅ ብዙ ነፋስ ስለሚያገኝ፥ አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ይነሣ ነበርና። ክንፎቹን እንደ በር በማጠፊያ አያይዞ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲላወሱ ባደረገ ጊዜ ግን ሚዛኑ ተስተካከለ። በ1923 በጃንዋሪ ወር ማድሪድ አጠገብ በሄታፌ ሜዳ መኪናው በረረ። በ1928 ሲዬርቫ ራሱ እያበረረ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕሩን ተሻገረ። የሚያሳዝነው፥ ከመውደቅ የሚያድን መኪና ሲፈልግ የኖረው ይህ ሰው በ1936 ለንደን አጠገብ በክሮይደን፥ ተሳፋሪ ሆኖ በገባበት ተራ አይሮፕላን ውስጥ ሞተ፤ አይሮፕላኑ በጉም ውስጥ ሲነሣ ነበር የወደቀው።

ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ይልቁን የሚነገር ነገር አለ። የሄሊኮፕተርን ሥራ ከፍጻሜ ካደረሱት ዋነኛው ኢጎር ሲኮርስኪ በኪየቭ ከተማ በ1889 የተወለደ፥ በሃይማኖቱ የመስኮብ ኦርቶዶክሳዊ ነበረ። በወጣትነቱ ሁለት ሄሊኮፕተር ሠርቶ ሳይሆንለት ቀረ። በአገሩ ሁከት በተነሣ ጊዜ ተሰዶ በ1919 አሜሪካ ገባ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ወደ ፊተኛው አሳቡ ተመልሶ በ1939 በሴፕቴምበር ወር መኪናውን ከመሬት አነሣው። ያን ቀን መኪናው በገመድ ታስሮ ነበር፤ ከምድር የተነሣውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ይኸው መሐንዲስ በ1942 ስለ አቡነ ዘበሰማያት ጸሎት መጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። ዘመናዊ ትምህርት የገባበት ቤት ጸሎት ይወጣበታል እያሉ ለሚሰጉ ወላጆች ይህን ሰው ብናነሣላቸው የሚከፋቸው አይመስለንም።

ሌላው ኢጎር ቤንሰን ነው፤ እርሱም የመስኮብ ተወላጅ ሆኖ በአሜሪካ የኖረ፥ በኋላ ዘመኑም የኦርቶዶክስ ቄስ የሆነ ሰው ነው። ቤንሰን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማንም እጁ የሠለጠነ ሰው በቤቱ ጓሮ ሊሠራው የሚችል አነስተኛ ጃይሮፕላን አዘጋጅቶ ንድፉን ይሸጥ ነበር። በ1962 በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩትንና የሚበሩትን በማኅበር ሰበሰባቸው። አናጢው፥ መካኒኩና መምህሩ ወደ ሰማይ የወጡት በዚህ በር ነው።

በሩ የተከፈተው ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ጃይሮፕላን የዋህ ይመስላል፤ የዋህነቱም ብዙ ሰው አታልሏል። የላይኛው ክንፍ የሚዞረው ነፋስ ከታች ወደ ላይ ሲያልፍበት ነው ብለናል። አብራሪው በፍጥነት ሲበር መሪውን በድንገት ወደ ፊት ቢገፋ ክንፉ ሸክሙ ይቀልለታል፥ መዞሩም ይደክማል፤ ከኋላ ያለው ማራገቢያ ግን መግፋቱን ስለማይተው መኪናው በአፍንጫው ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። በዚህ ከሞቱት መካከል አስቀድሞ በተራ አይሮፕላን የበረሩ ሰዎች አሉበት። ተራ አይሮፕላን ፍጥነት ሲያንሰው አፍንጫውን ወደ ታች ማድረግ ይገባል፤ ይህ የለመደ እጅ በጃይሮፕላን ላይ ያንኑ ሲያደርግ ባለቤቱን ይገድላል። ያወቁት ነገር የሚያጠፋበት ጊዜ መኖሩን ማሰብ ያስደነግጣል። ዛሬ የጅራቱ ጠፍጣፋ ክንፍ ሰፋ ብሎ ስለሚሠራና የገፊው ማራገቢያ ቁመት ስለ ተስተካከለ አደጋው ቀንሷል፤ አልጠፋም።

ሄሊኮፕተርም የራሱ ፈተና አለው። ብዙዎች የሚማሩበት ሮቢንሰን አር 22 የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ክንፉ ቀላል ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው በአንድ ወይም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ በግራ እጁ የያዘውን መሣሪያ ወደ ታች ካላወረደ ክንፉ መዞሩን ያቆማል። በቶሎ ካወረደው ግን ሄሊኮፕተሩ ለጥቂት ጊዜ እንደ ጃይሮፕላን ሆኖ በነፋስ ኃይል እየዞረ ይወርዳል። የአሜሪካ መንግሥት በ1995 በዚህ መኪና ለሚበሩ ሁሉ የተለየ ትምህርት እንዲሰጥ ያዘዘው ከብዙ አደጋ በኋላ ነው። ደግሞ ወጪው አለ፤ ይህ መኪና 2200 ሰዓት ሲበር፥ ባይበርም 12 ዓመት ሲሞላው ተፈትቶ መታደስ አለበት። እንግዲህ ባለቤቱ በዓመቱ ፍጻሜ መዝገቡን ሲደምር፥ ያልበረረበትም ጊዜ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። በቅዱስ ወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረው ምሳሌ ለእነዚህ ሰዎች ባዳ አይደለም። የልጆቹን የትምህርት ገንዘብ በአየር ላይ የሚበትን አባት ካለ፥ እኛ ደስታውን ደስታ አንለውም።

ዳሩ ግን ስለ አንድ አባት ስንናገር እንዲህ በቀላሉ ለመፍረድ አልቻልንም። ኖርማን ሰርፕለስ በሰሜን አየርላንድ በላርን ከተማ የሚኖር፥ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። የአንጀት ካንሰር ይዞት ብዙ ተሠቃየ። ከሕመሙ እያገገመ ሳለ በቴሌቪዥን ስለ ጃይሮፕላን አይቶ አሳቡ በዚያው ተያዘ፤ ከዳነም በኋላ መብረር ተማረ። ማንም ያላደረገውን፥ ምድርን በጃይሮፕላን መዞርን አሰበ፤ በዚያውም ለዚህ ደዌ ሕሙማን ርዳታ ለመሰብሰብ ፈለገ። በ2010 በማርች ወር ከላርን ተነሣ። በጥቂት ወራት የሚፈጸም ጉዞ መስሎት ነበር።

በዚያው ዓመት በታይላንድ ሲነሣ ከሐይቅ ውስጥ ወደቀ፤ እርሱ ዳነ፥ መኪናው ግን ብዙ ጥገና አስፈለገው። አስጠግኖ ጃፓን ደረሰ። በዚያም ሩሲያ የማለፊያ ፈቃድ ሳትሰጠው ዓመታት አለፉ፤ መኪናው በጃፓን ቆሞ ይጠብቅ ነበር፥ እርሱም ወደ ቤቱ ተመለሰ። በመጨረሻ መኪናውን በመርከብ ወደ አሜሪካ ላከና በ2015 አገሩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ፥ በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ ላርን ገባ። ውቅያኖሱን በጃይሮፕላን የተሻገረ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ነገር ግን በመርከብ የተጫነበት መንገድ እንደ በረራ አይቆጠርምና ዙሩ ጎዶሎ ሆነ። በ2019 ፈቃዱ ሲገኝ እንደ ገና ከላርን ተነሥቶ በሩሲያና በአላስካ በኩል ኦሪገን ደረሰ፤ ዙሩም ተፈጸመ። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያው በ2019 ጄምስ ኬቸል የተባለ እንግሊዛዊ ከማርች 31 እስከ ሴፕቴምበር 22፥ በ175 ቀን ምድርን በጃይሮፕላን ዞሯል። የፊተኛው ዘጠኝ ዓመት፥ የኋለኛው ግማሽ ዓመት፤ በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም በሰዓት ብቻ ይጻፋሉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ውዳሴ ከንቱ ይለዋል። ሚስቱና ልጆቹ በየምሽቱ ምን እያሰቡ እንደ ጠበቁት እነርሱ ያውቃሉ። እኛ የምንለው፥ ከሞት ደጅ የተመለሰ ሰው የተጨመረለትን ዕድሜ በምን ያውለዋል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ለሁሉ አንድ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ኬን ዋሊስ የተባለው የጦር አየር ኃይል መኮንን ደግሞ፥ ጃይሮፕላኖቹን በገዛ እጁ እየሠራ እስከ እርጅናው በርሮ በ2013 በ97 ዓመቱ ዐርፏል። ስለዚህ ሁሉም በአደጋ ይሞታል ብሎ መደምደም አይገባም።

በረዶው ሲቀልጥ መጋዘኖቹ ይከፈታሉ። በአሜሪካ ሕግ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ያላረፈ አብራሪ ሰው ሊያሳፍር አይፈቀድለትም። ስለዚህ በክረምቱ ሳይበር የቆየ አባት፥ ልጁ በአጥሩ ዳር ቆማ እያየችው፥ አስቀድሞ ብቻውን ሦስት ጊዜ ይነሣል፥ ሦስት ጊዜም ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው መቀመጫ ለእርሷ ይሆናል።