የአራት ሰዓት ትውስታ፣ የአምስት ደቂቃ ትውስታ

ሰፊ የጋራ ኔትወርክ ሲጨናነቅ በቅድሚያ የሚከሰሰው የአድራሻ ማፈላለጊያ ፕሮቶኮሉ ኤአርፒ ነው። ክሱ መሠረት አለው። ዴቪድ ፕለመር እ.ኤ.አ. በ1982 በአርኤፍሲ 826 ባስቀመጠው አሠራር መሠረት፣ የሌላውን መሣሪያ አይፒ አድራሻ ይዞ ማክ አድራሻውን ያላወቀ መሣሪያ ጥያቄውን ለሁሉም ያሰማል፤ የሚመልሰው ባለቤቱ ብቻ ነው። በአንድ ቪላን (ምናባዊ የአካባቢ ኔትወርክ) ውስጥ ሺህ መሣሪያ ካለ ሺሁም ይሰማል። ስለዚህ አንዴ የተገኘን መልስ አቆይቶ መያዝ ብልህነት ይመስላል፤ ብዙ የሲስኮ ራውተሮችም ካልተነኩ ለአራት ሰዓት ይይዙታል። እኔ ግን ይህ ቁጠባ ከሚያተርፈው የሚያባክነው ይበልጣል እላለሁ።

ስዊች አንድ ማክ አድራሻ በየትኛው ፖርት በኩል እንዳለ የሚያውቀው ከመሣሪያው የወጣ ፍሬም ሲያልፍበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ300 ሰከንድ ካላየው ይረሳዋል። ሁለት ራውተሮች አንድ ኔትወርክ በሚያገለግሉበት ቦታ የሰርቨሩ ትራፊክ በአንዱ ወጥቶ መልሱ በሌላው ሊገባ ይችላል። በመግቢያው በኩል ያለው ስዊች ሰርቨሩን ረስቶታል፤ ራውተሩ ግን ገና ለሰዓታት ስለሚያስታውሰው ሳይጠይቅ ይልካል። ስዊቹም መድረሻውን ስለማያውቅ ፍሬሙን በቪላኑ ፖርቶች ሁሉ ይበትነዋል። አንድ የኤአርፒ ጥያቄ 28 ባይት ብቻ ነው። እዚህ የሚበተነው ግን ሙሉ የባክአፕ ትራፊክ ሊሆን ይችላል፤ ያውም የአንዱ ደንበኛ ዳታ በሌላው ደንበኛ ፖርት ላይ ይደርሳል። ከፍጥነቱ መቀነስ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መፍትሔው የኤአርፒን ጊዜ ከ300 ሰከንድ በታች ማውረድ ነው፤ ራውተሩ ሲጠይቅ የሰርቨሩ መልስ በስዊቹ ስለሚያልፍ ስዊቹም ያስታውሳል።

«ጥያቄው ይበዛል» ለሚለው ተቃውሞ አርኤፍሲ 1122 በ1989 መልስ ሰጥቷል፦ የታወቀን አድራሻ ለማደስ ለባለቤቱ ብቻ በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል፤ ሌላው አይረበሽም። የስዊቹን ትውስታ ወደ አራት ሰዓት ማርዘምም ይሠራል፤ ሆኖም በስዊቾች መካከል ዙር እንዳይፈጠር በሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ ላይ ለውጥ ሲፈጠር ስዊቹ የያዘውን ቶሎ ስለሚጥል፣ ኤአርፒው እስኪታደስ ድረስ መበተኑ ይቀጥላል። በአጭሩ ትውስታ ግን ይህ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። የሚከብደኝ ተቃውሞ የራውተሩ አቅም ነው። 10,000 አድራሻ በየ240 ሰከንዱ ማደስ በሰከንድ 42 ያህል ጥያቄ ማለት ነው፤ መልሱና የሌሎቹ ጥያቄ ሲጨመርበት ደካማ ሲፒዩ ያለውን ያደክማል። እዚያ ግን መስተካከል ያለበት የጊዜ ገደቡ አይደለም፤ 10,000 መሣሪያ በአንድ ቪላን መታጎሩ ነው።