የመሬት ገጽታ መረጃን ወደ አንድ የጋራ ስታንዳርድ ስለ መለወጥ

የበረራ ሲሙሌተር ማለት አብራሪ ከመሬት ሳይነሣ በረራን የሚለማመድበት መሣሪያ ነው። በመስኮቱ የሚታዩት ተራራዎች፣ ወንዞችና ማኮብኮቢያዎች የሚመነጩት በኮምፒዩተር ከተከማቸ የመሬት ገጽታ የመረጃ ቋት ነው። ቀደም ሲል እያንዳንዱ አምራች ቋቱን ለራሱ መሣሪያ በሚስማማ አኳኋን ያደራጅ ስለ ነበር፣ የአንድ አካባቢ ገጽታ ለየመሣሪያው እንደ አዲስ ይዘጋጅ ነበር። ከወጪው ይበልጥ የከፋው አለመጣጣሙ ነው፤ ይኸውም በሁለት ሲሙሌተሮች በኅብረት ከሚለማመዱ አብራሪዎች ለአንደኛው በኮረብታ የተጋረደው ነገር ለሁለተኛው ገሃድ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ይህን ችግር ለማስወገድ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አየር ኃይል መሪነት ፕሮጀክት 2851 ተቋቋመ። በ1990ዎቹ ሴድሪስ ተከተለ። በ2016 ደግሞ ኦፕን ጂኦስፓሻል ኮንሶርሺየም ሲዲቢ የተባለውን ስታንዳርድ አጸደቀ። ሲዲቢ ምድርን በኬክሮስና በኬንትሮስ ከፋፍሎ፣ ከፍታን፣ ምስልን፣ መንገድንና ሕንፃን ለየብቻ ያስቀምጣል።

ይሁን እንጂ ነባሩን ቋት መለወጥ እህልን ከአንድ ጎተራ ወደ ሌላ እንደ መገልበጥ ቀላል አይደለም። ሦስት ነገሮች ጥንቃቄን ይሻሉ።

አንደኛው የልኬቱ መነሻ ነው። በአዲንዳን መነሻ የተዘጋጁትን የኢትዮጵያ ካርታዎች ብንወስድ፣ የአንድ ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሳይሰላ እንዳለ ወደ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ቢገለበጥ ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ማኮብኮቢያም ከስፍራው ውጪ ይወድቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው የስያሜ ትርጉም ነው። አንዱ ቋት «ደን» ብሎ ያለፈውን ሌላው በዛፍ ዓይነትና በቁመት ይለየዋል። ያልተመዘገበውን ዝርዝር ለዋጩ በግምት ከሞላው፣ ግምት መሆኑ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው የዝርዝር መጠን ነው። በየ90 ሜትሩ የተለካን ከፍታ በስሌት ወደ 30 ሜትር ማጥበብ ቁጥሮችን ያበዛል እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም።

ስለዚህ ከለውጡ በኋላ ከፍታቸው በቅየሳ የታወቀ ነጥቦችን ከአዲሱ ቋት ጋር ማመሳከር፣ ነባሩንም ቋት ሳይሰርዙ ማቆየት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ አይደለም። የጂኦግራፊ መምህር በጂፒኤስ የተለካን የትምህርት ቤት ቦታ በነባር ካርታ ላይ በማስፈር ልዩነቱን ለተማሪዎች ሊያሳይ ይችላል። የፕላን ባለሙያም ከየወረዳው የሚመጡ የትምህርት ቤት አድራሻዎችን ከማዋሐዱ በፊት፣ እያንዳንዱ በየትኛው መነሻ እንደ ተለካ ይጠይቅ። ይህ ካልተጠየቀ ቅጹ አንድ ቢሆንም መረጃው አንድ አይሆንም።