ጣሪያው ላይ ያለችው ጉብታ፦ የሞዴል መኪና ቦዲን ወደ እውነተኛው ማቅረብ

በዚህ እትም ስለ አንዲት መዳፍ ስለምታህል መኪና ልናወጋችሁ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን የአንዱ እህት ከጅዳ ስትመጣ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መኪና ይዛ መጣች፤ የ1967ቱን የፎርድ ማርክ 4 የእሽቅድምድም መኪና። ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ገጣጠምናት፣ ቀይ ቀባናት፣ ቁጥር 1 ለጠፍንባት። ለአንድ የሜካኒካል ተመራቂ ወንድማችን በኩራት ስናሳየው ግን አገላብጦ አያትና፣ «ቁጥር 1 ከሆነች ጉብታዋ የታለ?» አለን። ዝም አልን። እውነትም ጣሪያዋ ለጥ ያለ ነበር።

የጉብታዋ ነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 10 እና 11 ቀን 1967 ፈረንሳይ ውስጥ በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ዳን ጉርኒ እና ኤ.ጄ. ፎይት በዚህች መኪና አሸነፉ። 388 ዙር፣ ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተዋል፤ በአማካይ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መኪናዋ አየር እንዲያልፋት ተብሎ በጣም ዝቅ ብላ የተሠራች ስትሆን ጉርኒ ደግሞ ረጅም ሰው ነበር። ሄልሜት ሲያደርግ ጭንቅላቱ ጣሪያው አልበቃው አለ። ስለዚህ ከሾፌሩ ወንበር በላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ጣሪያው ጎበጥ እንዲል ተደረገ። መሪዋ በቀኝ ነውና።

ጣሪያው ሌላም ታሪክ አለው። ከማርክ 4 በፊት የነበረችው «ጄ» የተባለችው የሙከራ መኪና እ.ኤ.አ. በኦገስት 1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስትፈተን ተገልብጣ ሾፌሩ ኬን ማይልስ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው የቦዲዋ ቅርጽ ተለውጦ በውስጧ ጠንካራ የብረት መከላከያ የገባላት። እንግዲህ እዚያ ጣሪያ ላይ ያለው ቅርጽ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ከሰው ሕይወትና ከሰው ቁመት የመጣ ነው። ይህን ስናውቅ «ትንሽ ነገር ናት፣ ትቅር» ማለት ከበደን። ለማረም ተነሣን፤ ችግሩ ያለን ቦዲ አንድ ብቻ መሆኑ ነበር።

መጀመሪያ ስኬሉን አረጋገጥን። በእውነተኛዋ መኪና ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2,413 ሚሊ ሜትር ነው። ለ24 ሲካፈል 100.5፣ ለ25 ሲካፈል 96.5 ይመጣል። የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት በካሊፐር በቀላሉ ይታያል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከማመን መለካት ይሻላል። የእኛዋ 100 ከግማሽ ገደማ ስለሆነች 1 ለ24 መሆኗ ተረጋገጠ።

ቀጥሎ ፎቶ። ከቀኝ ጎን፣ ራቅ ተብሎ የተነሣ ፎቶ ፈለግን። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ለካሜራው የቀረበውን አካል ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል። መለያው ጎማው ነው፦ ክብ ሆኖ ከታየ ፎቶው ቀጥ ብሎ የተነሣ ነው፤ እንደ እንቁላል ከሞለሞለ ለልክ አይሆንም። ከዚያ በኮምፒውተር የጎማዎቹ ርቀት ልክ 100.5 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አስተካክለን አተምነው። አሁን ወረቀቱና ሞዴሉ እኩል ስኬል ስለሆኑ ያለ ምንም ስሌት ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። ጉብታው ከጎማዎቹ ይልቅ ወደ መሐል ስለገባ ፎቶው ላይ በጥቂቱ አንሶ እንደሚታይ ግን አትርሱ።

ጉብታውን የሠራነው ከሚጣል የፕላስቲክ ስኒ ነው። ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ካለ ፖሊስታይሪን ነው፤ አብዛኛው ሞዴልም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ከእንጨት የጉብታውን ቅርጽ ቀረጽን፤ ስስ ፕላስቲኩን ከምድጃ ሙቀት በላይ፣ እሳቱን ሳናስነካ ይዘን ሲለሰልስ እንጨቱ ላይ ጫንነው። ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል። መስኮት መክፈት ግዴታ ነው።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። የሞዴል ማጣበቂያ እንደ ተራ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው። እኛ አብዝተን አፈሰስንና ጣሪያው ለስልሶ ሰረጎደ። ደንግጠን ወዲያው ልናቃናው ስንል አሻራችን ቀረበት። መተው ነበረብን። ሁለት ቀን አስቀምጠነው ሲደርቅ፣ የባትላሜራ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት በስቱኮ ሞላነው። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚኮማተር በስሱ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ መድገም ነው። በ400 ብርጭቆ ወረቀት ጀምረን፣ በ600፣ በመጨረሻም በ1000 ውሃ እያስነካን ፈገፈግነው። ከዚያ ግራጫ ፕራይመር ቀባን። ፕራይመር የሚቀባው ለቀለሙ መያዣ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ያለፈውን ጭረት ሁሉ ያወጣል። ሦስት ጊዜ ቀብተን ሦስት ጊዜ ፈገፈግን።

ዛሬ መኪናዋ ጉብታዋን ይዛ መደርደሪያችን ላይ ቆማለች። ብርሃን በጎን ሲመታት የሰረጎደው ቦታ አሁንም ትንሽ ይታያል። ያ ወንድማችን መጥቶ ጣቱን ጣሪያው ላይ አሳለፈና፣ «አሁን ጉርኒ ይገባባታል» አለን።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ካሊፐሩና የተረፈው ስቱኮ እኛ ዘንድ አለ፤ ኑና ውሰዱ። ማጣበቂያውን ግን አደራ፣ በጠብታ!