ከቁራጭ ይልቅ ከዘር፦ ቁልቋልንና የአንዲስ ካክተስን በጎንደር ስለ ማብቀል

በጎንደር ከተማ ዙሪያና በሰሜን ጎንደር ወይና ደጋ አጥር ሆኖ የቆመው ቁልቋል በአብዛኛው ከሌላ ቁልቋል ተቆርጦ የተተከለ እንጂ ከዘር የበቀለ አይደለም። የገበሬው ምክንያት በቂ ነው፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ከሰነበተ በኋላ ሲተከል ያለ ብዙ ውኃ ሥር ይሰዳል፣ ከብት አይደፍረውም፣ በጥቂት ዓመታትም ግቢ ይከልላል። ነገር ግን አንድን ተክል በቁራጭ ብቻ ማባዛት ያንኑ አንድ ተክል በብዙ ቦታ መድገም ስለሆነ፣ በችግኝ ሥራ የተሰማራ ባለሙያ ለአጥር ቁራጭን ቢፈቅድም፣ ለትውልድ የሚተርፍ ተክል ሲታሰብ ግን ዘርን ማስቀደም ይገባዋል።

ቁልቋል ዛሬ በሳይንስ የሚታወቅበትን ዩፎርቢያ አቢሲኒካ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1791 ሲሆን፣ ስሙን የሰጠው ጀርመናዊው ዮሐን ፍሬድሪክ ግሜሊን መነሻ ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ተክሉ ያሰፈረውን ገለጻ ነበር። ብዙ ሰው ቁልቋልን ከካክተስ ቢቆጥረውም ሁለቱ የተለያየ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የካክተስ ቤተሰብ፣ ከአንዲት በዛፍ ላይ ከምትበቅል ዝርያ በቀር፣ በተፈጥሮ የሚገኘው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ በትግራይ በለስ የሚባለውም ከዚያው የመጣ ነው። ሁለቱን ለመለየት ግንዱን ማየት ይበቃል፤ የቁልቋል እሾህ በጠርዙ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲወጣና ግንዱ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ሲያፈስ፣ የካክተስ እሾህ ግን ጸጉራም ከሆነች ትንሽ ጉብታ ላይ በርከት ብሎ ይበቅላል፣ ቁራጩም በአብዛኛው ውኃማ ፈሳሽ እንጂ ወተት የለውም።

ዝምድና ሳይኖራቸው የሚመሳሰሉት አንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መልክ ስለሰጣቸው ነው። ሁለቱም ውኃ በግንዳቸው ያከማቻሉ፤ ግንዱም እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፉ ጠርዞች ስላሉት በክረምት ውኃ ሲሞላ ሳይሰነጠቅ ይሰፋል፣ በበጋ ሲጎድል ይሰበሰባል። የአየር ቀዳዳዎቻቸውን፣ ማለትም ተክል የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ክፍተቶች፣ በቀን ዘግተው በሌሊት ስለሚከፍቱ በፀሐይ የሚባክነውን እርጥበት ያድናሉ። በኢኳዶርና በፔሩ የአንዲስ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚበቅለው ትሪኮሴሪየስ ፓቻኖይ የተባለው ባለ ረጅም ግንድ ካክተስም ቀኑ ብርሃን የሞላበት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ዝናቡም ወቅት ጠብቆ የሚመጣ አገር ተክል ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትገኘው ጎንደር ለእርሱ ባዕድ አየር አይደለችም።

የዘር የመጀመሪያ ጥቅም ልዩነትን መጠበቁ ነው። ከአንድ ቁልቋል የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ የእናታቸውን ጥንካሬ እንደሚወርሱ ድክመቷንም ስለሚወርሱ፣ አንዱን የሚጥል በሽታ ሌላውን የሚምርበት ምክንያት አይኖርም፤ ከዘር የበቀሉት ግን በጠርዝ ብዛት፣ በእሾህ ርዝመትና ድርቅን በመቋቋም ይለያያሉ። በአንዲስ ካክተሶች ዘንድ ደግሞ ብዙዎቹ በራሳቸው የአበባ ዱቄት ፍሬ ስለማይይዙ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ከአንድ ቁራጭ የተባዛ ካክተስ ቢተክል፣ በሌሊት የሚፈኩት ነጫጭ አበቦች ያለ ፍሬ ሊረግፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ጥቅም ጤና ነው፤ ለዚህም ማስረጃው ከጎንደር ሩቅ አይደለም። ኮቺኒል ከምትባል ትንሽ ነፍሳት የሚወጣውን ቀይ ማቅለሚያ ለማምረት ታስቦ፣ ነፍሳቷ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በትግራይ በበለስ ላይ እንድትረባ ከተደረገ በኋላ ከቁጥጥር ወጥታ በደቡባዊ ትግራይ ሰፊ የበለስ መሬት አጥፍታለች፤ በዚህም ቤተሰቦች በክረምት ይመገቡት የነበረውን ፍሬና ለከብቶቻቸው ይሰጡት የነበረውን መኖ አጥተዋል። ይህች ነፍሳት በግንዱ ላይ ተለጥፋ ልትዛመት ስለምትችል፣ ከሌላ ቦታ የመጣ የካክተስ ቁራጭ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል። ታጥቦ የደረቀ ንጹሕ ዘር ግን ይህን ጠላት ይዞ አይመጣም።

የቁልቋል ፍሬ ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሲበስል ቀልቶ ከዚያም ደርቆ በድንገት ስለሚፈነዳ ዘሩን አርቆ ይበትነዋል። ስለዚህ ዘር የሚፈልግ ሰው ፍሬው መቅላት እንደ ጀመረ የፍሬውን ዘለላ አየር በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ከረጢት ማሰር አለበት። ወተቱ ቆዳን የሚያቃጥልና ዓይንን ክፉኛ የሚጎዳ በመሆኑ ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ ወደ ዛፉ መቅረብ አይገባም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። የተሰበሰበው ዘር ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ ስለሚቀንስ በትኩስነቱ ቢዘራ ይመረጣል።

በችግኝ ጣቢያዎች ለደን ዛፍ የተለመደው የፖት አፈር በአብዛኛው የአካባቢ አፈርና ብስባሽ ሲሆን አሸዋው ጥቂት ነው፤ ለእነዚህ ተክሎች ግን ሚዛኑ መገልበጥ አለበት። ከግማሽ በላዩ የታጠበ አሸዋና በግንባታ ሥራ ቀይ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ደቅቆ ሲሆን፣ የቀረው የተነፋ የበሰለ ብስባሽ ቢሆን ውኃ ሳይቋጠር ያልፋል። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ዋልካ ውኃ ይዞ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለጨቅላ ሥር አይበጅም። ድብልቁ ዘር ከመዘራቱ በፊት በእንፋሎት ቢታጠንና ቢቀዘቅዝ፣ የችግኝን አንገት አበስብሶ በአንድ ሌሊት የሚጥለውን ሻጋታ ይቀንሳል።

የካክተሱ ዘር እጅግ ደቃቅ ሆኖ ለመብቀልም ብርሃን ስለሚሻ ከአፈሩ ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ይቀራል፤ ተለቅ የሚለው የቁልቋል ዘር ግን በራሱ ውፍረት ልክ አሸዋ ይነሰነስበታል። ዕቃው ከታች ውኃ እንዲጠጣ ተደርጎ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ከተሸፈነና ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ቀጥተኛ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ከተቀመጠ፣ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩ በአንድ ጊዜ መነሳት የለበትም፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተከፈተ ቡቃያው ደረቁን አየር እንዲለምድ ይደረጋል።

ለጎንደር የሚስማማው የመዝሪያ ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው፤ ሙቀቱ ስለሚበረታና እስከ ክረምት ድረስ ወራት ስለሚቀሩ፣ ቡቃያው የሰኔን ዝናብ የሚጠብቀው ሥር ይዞ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ዝናብ በቀጥታ እንዳይወርድበት ከጣሪያ ሥር ብርሃን ባለበት ይቀመጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ጥላው ይሳሳል፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ውኃው እጅግ ይቀንሳል። እንደ ደባርቅ ባሉ ከፍ ያሉ ከተሞች በእነዚህ ወራት ችግኙን ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። ሲያድጉ ፀሐይ የሚወዱት እነዚህ ተክሎች በጨቅላነታቸው ጥላ የሚፈልጉት በዱርም በቁጥቋጦ ሥር ተሸሽገው የሚያድጉ በመሆናቸው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጥቂት ሴንቲሜትር ላይበልጥ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ሆኖም በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሥር ኋላ ለዓመታት ድርቅን የሚሸከም በመሆኑ፣ ዕድገቱን ለማፋጠን ማዳበሪያና ውኃ ማብዛት ግንዱን ከማላላትና ለመበስበስ ከማጋለጥ በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

የአንዲሱ ካክተስ ቦታው ፖትና የግቢ አጥር ውስጥ ብቻ ሊሆን ይገባል። በደቡብ አፍሪካ ለጌጥ የገባው የብራዚሉ ሴሪየስ ጃማካሩ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ስለበተኑት ዛሬ የግጦሽ መሬት አረም ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በቅርብ ያዋሰነ አካባቢ፣ ጅብራን የመሰለ የራሱ ድንቅ ተክል እያለው፣ ይህን አደጋ መጋበዝ የለበትም። በመስክ መተከል ያለበት ቁልቋል ነው። የጎንደር ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ችግኝ ጣቢያዎች ከተለያዩ ቀበሌዎች፣ ከተለያዩ እናት ዛፎች የተሰበሰበ ዘር ቢያበቅሉና በእያንዳንዱ ፖት ላይ ዘሩ የተለቀመበትን ቦታና ቀን ቢጽፉ፣ በብዙ ቦታ ከተደጋገመው አጥር ጎን የተለያየ ዘር ያለው፣ ክፉ ዘመን ቢመጣ ከፊሉ የሚተርፍ ቁልቋል ለልጆቻቸው ያወርሳሉ።