ክንድ ሥር ያለ ደብተር

በደቡብ ጎንደር፣ በእብናት ገጠር ቀበሌዎች በእግሩ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ስፖርት ይሠራ እንደሆነ ቢጠየቅ «ኧረ አልሠራም» ማለቱ አይቀርም። ጠዋት ዳገቱን ይወጣል፤ ደወሉ እንዳያመልጠው የመጨረሻዋን ሜዳ በሩጫ ያቋርጣል፤ ከሰዓት ቁልቁለቱን ወርዶ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ከብቱና ውኃው ይጠብቁታል። ይኸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዶርሙ፣ ካፌው፣ ክፍሉና ላይብረሪው በአንድ አጥር ውስጥ ይሆኑለታል። ትምህርቱና ጉልበቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይለያያሉ። ላብ ማፍሰስ ራሱን የቻለ ሰዓት የሚፈልግ ጉዳይ ይሆናል፤ ሰዓቱ ደግሞ የለም።

ደብተርና ሩጫ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚመስሉ ዓለም በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግራ ክንድ አይቷል። አሰላ አካባቢ ያደገው ኃይሌ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ደብተሩን ሸጉጦ ይሮጥበት የነበረው ግራ ክንዱ፣ ደብተሩ ከወረደ ከብዙ ዓመት በኋላም በኦሊምፒክ መሮጫ ላይ እንደታጠፈ ቀረ።

የኃይሌ መንገድ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ አላመራም። የአብዛኞቹ ታላላቅ ሯጮቻችንም እንዲሁ ነው። ማዕረጋቸው ይህን ይናገራል፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ። በኢትዮጵያ ሯጭን የሚያሳድገው ክለብ ሲሆን ክለቡም የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የማረሚያ ቤት ወይም የባንክ ነው። ክለብ ደመወዝ ይከፍላል፤ ማዕረግ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ ሯጩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ በምረቃ ቀን የክብር ዶክትሬት ሲያለብሰው ነው። ትምህርቱ የገባው በአሰልጣኙ በኩል ነበር፤ የእነ ኃይሌና የእነ ደራርቱ አሰልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ።

መንገዶቹ የሚለያዩት ገና በአፍላነት ዕድሜ ነው። ክለብ ወጣቱን የሚፈልግበት ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመጣበት ዓመት ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት ማለፍ የሚፈልግ ልጅ ቀኑን ለልምምድ ለመስጠት ድፍረት የለውም፤ ለልምምድ የሰጠውም ወንፊቱን ለማለፍ ይቸገራል።

የደቡብ ጎንደር ተራሮች ከባድ ትምህርትን ያወቁት ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ብዙ አስቀድመው ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። እዚያ ትምህርትና ጉልበት አልተለያዩም። የቆሎ ተማሪ ከደብር ደብር በእግሩ ይጓዛል፤ ውሻ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ አቋቋም ሲማር መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ሌሊቱን ሲያሸበሽብ ያድራል። ከትምህርቱ ውጭም ጨዋታው የራሱ ቀን ነበረው፤ በገና ሰሞን ሩር ይመታል፣ ጥር 25 ቀን በመርቆሬዎስ በዓል ደብረ ታቦር በፈረስ ጉግስ ትናወጣለች።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአጠገቧ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ይቆማል። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። ምደባ ከቆላ ያመጣው ፍሬሽ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት ኳስ ሲጫወት ይታወቃል፦ አሥር ደቂቃ እንደ ጥይት ይሮጣል፣ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቆማል። የእብናቱና የጋይንቱ ልጅ ያልፈውና ይስቃል። ሰውነት ከከፍታው ጋር ለመላመድ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሴሚስተሩ አጋማሽ የሚስቀው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የግቢ ስፖርት በኢትዮጵያ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሲነጋጋ ጥቂት ሯጮች በጃኬት ተሸፋፍነው አጥሩን ይዞራሉ። አሥር ሰዓት ላይ ኳስ ሜዳው ይሞላል፤ ባች ከባች፣ ዲፓርትመንት ከዲፓርትመንት ይገጥማል። ማሊያው በመዋጮ ይገዛል፣ ታኬታው ከሰልባጅ ይመረጣል፣ ታኬታ የሌለው ተቀይሮ ከወጣው ተውሶ ይገባል። የእራት ሰልፍ ሲጀመር ጨዋታው ይፈርሳል። ሴት ተማሪዎች በሜዳው ላይ ጥቂት ናቸው፤ አገሪቱን በሴት ሯጮች የሚያውቅ እንግዳ ይህን ቢያይ ይገረማል። በሁዳዴ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ለ55 ቀን የሚጾም ተማሪ ሁለተኛውን ሴሚስተር ሲያጋምስ ሆዱ ባዶ፣ ሚድ ፈተናው ደጅ ላይ ነው።

ከዚያ ችከላው አለ። የሕክምና ተማሪ ገና በቅድመ ክሊኒክ ዓመቱ፣ ፒሲ ዋን እያለ፣ አልፎ አልፎ ሜዳ ይወርዳል፤ ክሊኒክ ዓመቱ፣ ሲ ዋን፣ ደርሶ ሆስፒታል ሲገባ፣ ኢንተርን ሆኖ ዲዩቲ ሲያድር ማሊያውን ለታናሽ ባች ያወርሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። በዶርም ወግ «ሰቃይ» የሚባለው ጎበዝና ኳስ ተጫዋቹ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ተደርገው የሚታዩትም ለዚህ ነው።

ሁለቱን በአንድነት የያዙ ሰዎች ግን አሉ። ሮጀር ባኒስተር የለንደን የሕክምና ተማሪ ሳለ የሚለማመደው በምሳ ሰዓቱ ነበር፤ የሚበዛው ልምምዱም አንድ ዙር በፍጥነት ሮጦ፣ ጥቂት አርፎ፣ መድገም ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1954 ጠዋቱን ሆስፒታል ቆይቶ በባቡር ኦክስፎርድ ሄደና ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጠ። በዚያው ዓመት ሩጫ አቆመ፤ በኋላም የነርቭ ሐኪም ሆነ።

አሜሪካ ይህን ጉዳይ በደንብ አሥራዋለች። የኮሌጅ ስፖርተኛ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ በልምምድ እንዳይያዝ ሕጉ ይከለክላል፤ ነጥቡ ከወረደም አይሰለፍም። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በስፖርት ችሎታ ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ውስጥ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ያለፈው በዚህ ሥርዓት ነው። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆችን የ1,500 ሜትር ውድድር አሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ ነሐስ ወሰደ። የተነሣው የጥርስ አቀማመጥ የሚያስተካክል ሐኪም ለመሆን ነበር፤ ሩጫው አዘገየው። አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን ሐሰንም ሩጫን የጀመረችው ነርስነት እየተማረች ነው።

በአገር ቤትም ድልድይ ለመሥራት ተሞክሯል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው፤ በ2010 ዓ.ም. መቀሌ ዩኒቨርሲቲ የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨዋታ አስተናግዷል። ከሁሉ ሰፊው ሙከራ ግን ጸጥ ብሎ የገባው ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እንደ አዲስ ሲዋቀር የአካል ብቃት ለሁሉም ፍሬሽ ተማሪ የጋራ ኮርስ ሆነ። የወደፊቱ ሐኪም፣ መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰልፈው ያሟሙቃሉ፣ ይሮጣሉ፣ ፑሽ አፕ ይቆጥራሉ። የእብናቱ ልጅ አይቸገርበትም። ኮርሱ የሚመዘነው በማለፍና በመውደቅ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ በትራንስክሪፕቱ ላይ አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀመጣል፤ ጂፒኤው ውስጥ ግን አይደመርም።