ርካሽ ደመወዝ፣ ውድ ሸሚዝ

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በባቡሩ መስመር ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወጥታ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር የምታስብ ልጅ አስቀድማ የምታሰላው ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚተርፋትን ነው። የዚህ ስሌት መነሻ ግን ሩቅ ነው፤ ቻይና ውስጥ ነው።

የቻይና ኢኮኖሚ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየዓመቱ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ሲያድግ፣ አንዱ ምሰሶው ከገጠር ወደ ፋብሪካ የሚጎርፈው ወጣት ነበር። ኢኮኖሚስቱ አርተር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ በገጠር ትርፍ ጉልበት እስካለ ድረስ ፋብሪካ ደመወዝ ብዙ ሳይጨምር ሠራተኛ ያገኛል፤ ትርፉ ሲያልቅ ደመወዝ መውጣት ይጀምራል። በቻይና ለሥራ የደረሰው ሕዝብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቀነሰ፤ ዕድገቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ጫማና ልብስ አምራቾች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወጡ። ሁዋጂየን የጫማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ዱከም ገባ፤ የሐዋሳ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ ድሬዳዋም ተከተለች።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ የወር መነሻ ደመወዝ 26 ዶላር ነበር፤ የቻይናው 326። ልዩነቱ ከአሥራ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ገዢ የሚከፍለው ለሸሚዝ ነው። በስፌት መስመር ላይ አንዷ እጅጌ፣ ሌላዋ ኮሌታ ትሰፋለች። አዲስ ገቢዋ ክሩ በተበጠሰባት ቁጥር ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ስትቸገር ከኋላዋ ያልተሰፋው ይከመራል፤ ከፊቷ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። የአንዷ መዘግየት የሁሉም ነው። ያው ጥናት እንዳሳየው በሐዋሳ ፋብሪካዎች የሚለቀው ሠራተኛ ብዛት በዓመት ውስጥ ሁሉንም የመተካት ያህል ነበር። እጇ የፈታች ሰፊ ስትለቅ የሥልጠናው ወጪ አብሮ ይሄዳል፤ ሥራው እንደገና ከመርፌው ይጀመራል። በእኔ እይታ የርካሽ ደመወዙ ሂሳብ የሚፋለሰው እዚህ ላይ ነው፤ በደመወዝ የተረፈው ገንዘብ በምልመላና በተበላሸ ስፌት ይወጣል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ተዳከመ። በብር ያልተነካ ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር አነሰ፤ ለላኪው ጉልበት ይበልጥ ረከሰ። ለሁርሶዋ ልጅ ግን ከውጭ የሚገባው የምግብ ዘይት በዚያው ዶላር የሚገዛ ነው፤ የሚተርፋትም ይቀንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ቦርዱ ወለሉን ሲተምን ሊያየው የሚገባው ልኬት አንዲት ሰፊ እጇ እስኪፈታ ድረስ ሥራዋ ላይ የሚያቆያት ገንዘብ ስንት እንደሆነ ነው።