የወጥ ቤታችን ግማሽ ግድግዳ ለምን ይወዛወዝ ነበር?

ግንቦት ላይ የመጨረሻ ፈተናዬን ጨርሼ ጋርላንድ ወደሚገኘው የወላጆቼ ቤት ስመለስ ወጥ ቤቱ ፈርሶ ጠበቀኝ። እናቴ ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ለውጥ ነው፤ ቡና እያፈላች ሳሎን ከተቀመጠ እንግዳ ጋር መጨዋወት ትፈልግ ነበር። ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ሙሉ ግድግዳ ተቆርጦ 42 ኢንች ከፍታ ያለው፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል ግማሽ ግድግዳ ሆኗል። ሲያዩት ያምራል። ቦርሳዬን ጫፉ ላይ ሳሳርፍ ግን ወደ ሳሎን ዘመም ብሎ ተመለሰ።

ሥራውን የያዘው ሰውዬ ለአባቴ «ድንጋዩ ሲጫንበት ይጠብቃል» ብሎት ነበር። ድንጋይ ያለው የካውንተሩን ግራናይት ነው። አባቴ አምኖታል፤ እኔም ስለ ግድግዳ የማውቀው ነገር ስላልነበረ አምኜ አልፈው ነበር። የከለከለኝ አንድ ነገር ነው። በሐምሌ አያቴ ከእነዋሪ ሊመጡ ነው።

አያቴ ሲራመዱ ዕቃ ይደገፋሉ። በቪዲዮ ስናወራ አይቻቸዋለሁ፤ ከመደቡ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ላይ ነው። ነርሲንግ የምትማሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ታካሚ የመውደቅ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ከምንለካባቸው መንገዶች አንዱ የሞርስ መለኪያ ነው። በአረማመድ ድጋፍ ረገድ ምንም ለማይዝ 0፣ ምርኩዝ ወይም ዎከር ለሚይዝ 15፣ የቤት ዕቃ እየተደገፈ ለሚሄድ ደግሞ 30 ነጥብ ይሰጣል። መጀመሪያ ስማረው ግራ ገብቶኝ ነበር። ምርኩዝ የያዘው ይበልጥ የደከመ አይደለም እንዴ? ምርኩዝ ግን ለመደገፊያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ወንበር አይደለም። የተደገፉት ዕቃ ሲሸሽ ሰውም አብሮ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በየዓመቱ እንደሚወድቁ ሲዲሲ ይናገራል። በእኛ ቤት ደግሞ ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን ሲመጡ ለእጅ የሚቀርበው ያ ግድግዳ ብቻ ነው።

አባቴን ጨቀጨቅኩትና ጓደኛው የሆኑ፣ እኛ ልጆቹ ጋሼ የምንላቸው አናጺ መጡልን። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት እኔን መሬት ላይ ማስተኛት ነው። «አንቺ ሥሩን እዪ፣ እኔ ላዩን እገፋለሁ» አሉኝ። በአንድ እጃቸው ገፋ፣ ሳብ ሲያደርጉት ዞኮሎው፣ ማለትም ግድግዳው ሥር የሚዞረው ጠርዝ፣ ከወለሉ ተነስቶ ሲመለስ አየሁ። ክፍተቱ ሳንቲም ያስገባል። ይህ ምርመራ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ቀጥሎ የሚደረገውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ሥሩ ሳይነሳ ላዩ ብቻ ከተወዛወዘ፣ እንጨቶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት ላልቷል ማለት ነው። ሥሩ ከተነሳ ግን ግድግዳው ወለሉን ለቋል። የእኛ ሁለተኛው ነበር።

እዚህ አገር የቤት ውስጥ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ አጥንቱ እንጨት ነው። ወለሉ ላይ አንድ አግዳሚ ይተኛል፣ በላዩ በየ16 ኢንቹ ቋሚ እንጨቶች ይቆማሉ፣ ከላይ ሌላ አግዳሚ ይያያዛል፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ሺትሮክ ይለበሳል። ሙሉ ግድግዳ ከላይም ከታችም የተያዘ ስለሆነ የታችኛው መያዣ ደካማ ቢሆንም አይታወቅም። ሲቆረጥ የላይኛው መያዣ ይጠፋል። የሚቀረው 3 ኢንች ተኩል ስፋት ያለው የታች እንጨትና ጥቂት የኮንክሪት ሚስማር ነው።

ጋሼ ይህን ያስረዱኝ ባደጉበት የጭቃ ቤት ነው። ለጭቃ ቤት መጀመሪያ ይቆፈራል፣ የያንዳንዱ ቋሚ እንጨት እግር መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ማገሩ አግድም ይታሰራል፣ ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። «ያንን ግድግዳ ወገቡ ላይ ብትቆርጪውም ንቅንቅ አይልም፤ እግሩ መሬት ውስጥ ነዋ» አሉኝ። «ይሄ ግን ጫማውን ወለሉ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ የቆመ ነው።»

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል፤ ቀላል ሒሳብ ነው፣ አትሽሹ። የሚደገፍ ሰው ላዩን በ50 ፓውንድ ገፋ እንበል። በ42 ኢንች ከፍታ ስናባዛው 2,100 ይመጣል። ግድግዳው ሲዘም የሚዞረው በታች እንጨቱ አንድ ጠርዝ ላይ ነው። ሚስማሮቹ የተመቱት ደግሞ መሃል ላይ፣ ከዚያ ጠርዝ 1.75 ኢንች ርቀው ነው። 2,100ን ለ1.75 ስናካፍል 1,200 ፓውንድ ይሆናል። በእጅ የተገፋችው 50 ፓውንድ ታች ስትደርስ ሚስማሮቹን በ1,200 ፓውንድ ወደ ላይ ትጎትታቸዋለች ማለት ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብ ለበረንዳና ለደረጃ ዳር መከላከያ የሚጠይቀው 200 ፓውንድ እንዲችል ነው። ወጥ ቤት መሃል ያለ ግማሽ ግድግዳ ከጎኑ ገደል ስለሌለ እዚያ ደንብ ውስጥ አይገባም። የአያቴ እጅ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

ስለ ድንጋዩም እንነጋገር። 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በአንድ ካሬ ጫማ 18 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ልክ ከላዩ ቢያርፍ ግድግዳውን ትንሽ ወደ ታች ይጫነው ይሆናል። ነገር ግን ለወንበር ተብሎ አንድ ጫማ ያህል ወደ ሳሎን እንዲወጣ ሲደረግ፣ አስቀድሞ የላላውን ግድግዳ ቀን ከሌሊት ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ድንጋይ ደግሞ መተጣጠፍ አያውቅም፤ ይሰነጠቃል።

ቪዲዮ ስፈልግ ያገኘሁት ምክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ ወለሉን ቁረጥ፣ ቋሚውን እንጨት ወደ ታች አስረዝመህ ከወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጋር በብሎን እሰር። በሐሳብ ደረጃ የጋሼ ጭቃ ቤት ነው፤ እግሩን ቅበር ነው የሚለው። ችግሩ ይህ የሚሠራው ወለሉ እንጨት ለሆነና ከሥሩ ባዶ ቦታ ላለው ቤት ነው። ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ አብዛኞቻችን የምንኖርበት ቤት መሬት ላይ በቀጥታ የፈሰሰ የኮንክሪት ስላብ ላይ ነው የቆመው። ከሥሩ የሚገባበት ቦታ የለም። እሺ፣ ኮንክሪቱን በስተን ብሎን እናስገባ? እዚህ ላይ ነው ጋሼ ድሪሉን ከእጄ የወሰዱት።

ምክንያቱ ከአፈሩ ይጀምራል። ከዳላስ ሥር ያለው ጥቁር ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የቴክሳስ መለያ አፈር ተደርጎ የሚቆጠረው ሂዩስተን ብላክ የሚባለው ከዚሁ ወገን ነው። በሳይንስ ስሙ ቨርቲሶል ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ዋልካ። አያቴ ከመጡ በኋላ ጓሮ ወጥተው ስንጥቁን ሲያዩ «አገሬ ነው እንዴ ያለሁት?» ነው ያሉት። እነዋሪ ላይ ገበሬው ከዚህ አፈር ውሃውን ለማስወጣት መደብና ቦይ በእጁ ይሠራል። እኛ ጋ ደግሞ ጎረቤቶቻችን በበጋ መሠረቱ እንዳይሰነጠቅ ቤቱ ዙሪያ ጎማ ዘርግተው አፈሩን ያጠጣሉ። አንዱ ያደርቃል፣ ሌላው ያጠጣል።

እንዲህ ከፍ ዝቅ በሚል አፈር ላይ ስላቡ እንዳይሰበር ብረት ገመዶች ውስጡ ተዘርግተው ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ በጃክ ይወጠራሉ። እዚህ አካባቢ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቤቶች እንዲህ ናቸው፤ የእኛም የ1986 ነው። አንድ ገመድ ሲወጠር 33,000 ፓውንድ ያህል ኃይል ይይዛል። በድሪል ብትቆርጡት ከወለሉ ወይም ከስላቡ ዳር ሊፈናጠር ይችላል፤ ሰው ይጎዳል፣ ጥገናውም ውድ ነው። ጋራዣችሁ ወለል ላይ ስላቡ እንዳይቆረጥ የሚያስጠነቅቅ ማኅተም ካያችሁ ነገሩ ይህ ነው። ማኅተም አለመኖሩ ግን ገመድ የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ወለሉን በራዳር የሚያይ ባለሙያ ጠራን። ትንሽ ጋሪ የመሰለ መሣሪያ እየገፋ ገመዶቹ የሚያልፉበትን በጠመኔ አሰመረልን። አልትራሳውንድ የሚያነሳ ሰው መሰለኝ። አንዱ ገመድ ልክ ብሎን ልናስገባበት ባሰብነው ቦታ ሥር ነበር የሚያልፈው።

ከዚያ ብሬከሩን አጠፋን፤ ግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሶኬት ነበረ። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሳትመረምሩ አቧራውን አታንሱ። ሙሉ ግድግዳ ገና ልትቆርጡ ካሰባችሁ ደግሞ ጣሪያውን የተሸከመ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። የእኛን ጋሼ ጣሪያው ውስጥ ገብተው አዩት፤ የተሸከመው ነገር የለም።

ሺትሮኩን ስንገፍፍ ግማሽ ግድግዳው ከትልቁ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ የተያዘው በሺትሮክ ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ ከኋላው እንጨት የለም። ጋሼ ትልቁን ግድግዳ ከፍተው በሁለት ቋሚዎች መካከል አግዳሚ እንጨቶች አስገቡ፣ ከዚያ የግማሽ ግድግዳውን ጫፍ በወፋፍራም ረጃጅም ብሎኖች አሠሩት። በውሃ ልክ ቀጥ ማለቱን ያዩት ከማጥበቃቸው በፊት ነው፤ የዘመመ ግድግዳ ከጠበቀ በኋላ ዘምሞ ነው የሚኖረው። ይህ ብቻውን ግማሹን መወዛወዝ አጠፋው።

ነጻ የቀረው ጫፍ ነው ዋናው ሥራ። እዚያ ጋሼ ወደ ወጥ ቤቱ የሚታጠፍ 24 ኢንች ርዝመት ያለው አጭር ግድግዳ ጨመሩ፤ ከላይ ሲታይ ቅርጹ የማዕዘን ነው። መጽሐፍ አቁማችሁ ታውቃላችሁ? ዝግ ከሆነ ይወድቃል፣ ትንሽ ከከፈታችሁት ይቆማል። ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። በ1.75 ኢንች ፋንታ አሁን የሚያዘው 22 ኢንች ያህል ርቀት ላይ ነው። 2,100 ለ22 ሲካፈል ከ100 ፓውንድ በታች ነው። ከ1,200 ወደ 95! እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ሥራ የወደድኩት ይህን ነው፤ የተጠቀሙት ብሎን አልበዛም፣ እግሩ ብቻ ሰፋ። ገመዱን ለመሸሽ አጭሩን ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አዛወርነው፤ በጠመኔው መስመሮች መካከልም ከታች ማጣበቂያ ቀብተን በኮንክሪት ብሎን አሰርነው።

በወጥ ቤቱ በኩል ግማሽ ኢንች ኮምፔርሳቶ፣ እዚህ ፕላይውድ የሚሉት፣ በማጣበቂያና በብሎን ለበሰ። ኮምፔርሳቶው ብቻውን ግድግዳውን ወለል ላይ አያስረውም፤ ግን ቋሚዎቹን አንድ ያደርጋቸዋል። አንዱ ጋ ሲገፋ ግፊቱ ለሁሉም፣ ከዚያም ለሁለቱ የታሰሩ ጫፎች ይደርሳል። በመጨረሻ ካቢኔቶቹ ከግድግዳውም ከወለሉም ጋር ታሰሩ። ከስፋታቸው የተነሳ እነሱም እግር ናቸው። ድንጋዩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጋሼ ሥራቸውን የፈተኑት ውሃ የሞላ ብርጭቆ ላዩ ላይ አስቀምጠው በዳሌያቸው ገፋ በማድረግ ነው። ውሃው ተንቀጠቀጠ፣ አልፈሰሰም። ፍጹም ዓለት ሆነ አልልም፤ እንጨት እንጨት ነው። ሥሩ ግን አልተነሳም።

አያቴ በሐምሌ አጋማሽ ደረሱ። ዎከር ገዝቼ ነበር፤ «ይሄ የበሽተኛ ነው» ብለው ጥግ አስቀመጡት፣ በምርኩዝ ግን ተስማማን። ነሐሴ ላይ አፈሩ በደንብ ሲሰነጠቅ ግድግዳው ምን እንደሆነ ለማየት እንደገና ወለሉ ላይ ተኝቼ በስልኬ መብራት ዞኮሎውን እፈትሽ ነበር። አያቴ መጥተው «ምን ጠፋሽ?» አሉኝ። ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳንቲም የምትለዋን ብቻ ነው የሰሙት መሰለኝ፤ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ ጎንበስ ብለው አብረውኝ ይፈልጉ ጀመር።